የማንጠልጠያው ጫፍ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፤

ጉልበትህ፣ ወገብህ፣ የቀረችው ዓይንህ እንዴት ናቸው? ብዙ ስታነብ ውሃ ታቀራለች ሲሉ ሰምቻለሁና ይህን ደብዳቤ በአንድ ትንፋሽ እጨርሳለሁ አትበል፤ እያረፍክ አንብበው። ቤትህ ያሉትስ ሁሉ ደህና ናቸው? ደህና ይሁኑልህ። እኔ በአካል ምንም አልሆንኩም። ስኳሩም የደም ግፊቱም ልክ ነው ይሉኛል ሐኪሞቹ። ክፉ ሰው ቶሎ አይሞትም የሚባለው እውነት ሳይሆን አይቀርም።

እናታችንን ከቀበርንበት ቀን ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት ዝም ተባብለን፣ ዛሬ የእጅ ጽሑፌን ስታይ ሰው የሞተ መስሎህ እንዳትደነግጥ። የሞተ የለም። የምጽፍልህ በጠራራ ፀሐይ፣ ከሥራ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ሆኜ ነው። ሠራተኞቹን ዛሬ ሂዱ ብዬ አሰናብቻለሁ። የምታውቀውንም የማታውቀውንም ከሥሩ ጀምሬ ልነግርህ ነው። የማውቀውን ምን ያስነግረኛል እንዳትል፤ አንተ ብታውቀውም ከእኔ አፍ ሰምተኸው አታውቅም። እስከ ዛሬ ሆድ ይፍጀው ብዬ ይዤው ኖሬያለሁ፤ ሆዴ ግን አልፈጀውም።

አባታችን የመስኮት ፍርግርግና የግቢ በር ሠሪ ነበር። በሰፈሩ ሌባ የማይደፍረው ቤት ሁሉ የእሱ እጅ ሥራ ነው ይባል ነበር። እናታችን ደግሞ "ለሌባው በር ይሠራለታል፤ ለእሱስ ማን በር ይሥራልን?" እያለች ትስቅ ነበር። ከንፈሯ የተሰነጠቀ ቀን እንኳ ትስቃለች፤ የሚያማትን ጎን በእጇ ይዛ። የሚገርፈን ጥቁሩ የውሃ ጎማ በሩ ጀርባ ምስማር ላይ ተሰቅሎ ይውላል። አባታችን ሲመጣ ከኮቴው ቀኑ እንዴት እንደዋለለት እናውቅ ነበር። እግሩን ከጎተተ እንተርፋለን። ከረገጠ አንተ ከፊት ትቆማለህ፣ እኔ ከኋላህ።

ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ አንተ አሥራ ሦስት ነበርክ። እናታችን ባለ ጆሮ ሲኒዎቿን ላይ በላይ ትደራርባቸውና አንዱ ሲነሳ ሌላው ይሰበራል። ለሰው በር ከተዘጋጀው ፌሮ ብረት ላይ ቆረጥኩና ስድስት ክንድ ያለው ማቆሚያ አጠፍኩላት። እያንዳንዱ ሲኒ በጆሮው ተንጠለጠለ። መስኮቱ ሥር አስቀመጥነው። እጇን እያደረቀች መጥታ ፊት ለፊቱ ቆመችና "ቤቴ እኮ ሱቅ መሰለ!" አለች። እስከ ዛሬ የሠራሁት ሁሉ ያንን ፊቷን ደግሜ ለማየት ነበር ብልህ ትስቅብኝ ይሆናል።

አባታችን ገብቶ ፌሮው መጉደሉን አየ። ማን ነው አለ። አንተ ተነስተህ "እኔ ነኝ" አልክ። በጆሮህ እየጎተተ ወደ ሥራ ቤቱ ወሰደህ። እኔ ተከትዬ ጠረጴዛው ሥር ገባሁ። ቀኝ እጅህን ብረት በሚጨመድደው ሞርሳ ውስጥ አስገባና እጀታውን አዞረ። "ብረት ማባከን ትደግማለህ?" አለህ። "አልደግምም" አልክ። እንደገና አዞረ። "አልሰማሁህም" አለ። አንዴ ደግሞ አዞረ። ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር የሚሰማውን ድምፅ ሰማሁ፤ ሁለት ጊዜ። ሱሪዬ ላይ ሸናሁ። "እኔ ነኝ" ለማለት ሁለት ቃል ነበር የሚያስፈልገኝ። አላልኩም። በዚያች ቀን ዝም ያለ እንደሚተርፍ ተማርኩ፤ ክፉ ትምህርት ደግሞ አይረሳም።

የወጣንበትን ቀን ታስታውሳለህ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶህ ነበር። እናታችንን በፀጉሯ ይዞ ቀለም ሲቀባው ከነበረው በር ጋር ጭንቅላቷን ያጋጨው ነበር። አረንጓዴው ቀለም ከደሟ ጋር ተቀላቅሎ ግንባሯ ላይ ይወርዳል። አንተ በዚያ በተጣመመ እጅህ ከባዱን መዶሻ አንስተህ ትከሻውን አልከው። አጥንቱ ገባ። ወደቀና ቀና ብሎ አየህ፤ የተናደደ ሳይሆን የተገረመ ይመስል ነበር። መዶሻውን ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ራስ ቅሉ ስታነሳ እናታችን በደረቷ ተስባ መጥታ ላዩ ላይ ተኛችበት። "በቃ ልጄ! አንተም እሱን አትሁንብኝ!" አለች። መዶሻው ከእጅህ ወደቀ። እኔን እጄን ይዘህ ወጣህ። እሷ አልመጣም አለች። አውቶቡሱ ውስጥ መንገዱን ሙሉ ስታስመልስ፣ እኔ ግን በመስኮት የሱቆቹን መስታወት እያየሁ ይደነቀኝ ነበር። እንዲህ ያለ ልጅ ነበርኩ።

ከተማ ገብተን የአንድ ጋራዥ ግማሽ ተከራየን። አንተ ትበይዳለህ፣ እኔ አጥፋለሁ። የመጀመሪያዋ ደንበኛችን ያቺ እትዬ ጫማ ያልናት ወፍራም ሴትዮ ነበረች። ጫማዎቿ ወለል ላይ በካርቶን ተከምረው ገዢው በእግሩ እየገፋ ያልፋቸዋል። ከሽቦ አዘንብዬ ማቆሚያ ሠራሁላት፤ አንድ ጫማ ብቻ የሚቆምበት፣ አፍንጫው ቀና ብሎ ወደ በሩ የሚያይ። ሠላሳውን ግድግዳ ላይ ስንደረድር ገዢዎች ከውጭ ቆመው ማየት ጀመሩ። ከዚያ የመነጽሩ ዟሪ ማቆሚያ መጣ። ከአሮጌ ብስክሌት ባወጣሁት ኩሽኔታ ላይ ስለተቀመጠ በትንሽ ጣት ሲነኩት ይዞራል። ቀጥሎም ባለ ሞላው መደርደሪያ፤ ሰው አንዱን ዕቃ ሲያነሳ ከኋላ ያለው ራሱ ወደ ፊት ይመጣል። ሞላው ከተጣለ ሶፋ የወጣ ነበር። እትዬ ጫማ አይታው "ከሻጮቼ ይሻላል፤ እሱ እንኳ ወደ ፊት ይገፋል፣ ደግሞም አያዛጋም!" ያለችው ትዝ ይልሃል? ያን ቀን ከልብህ ሳቅህ። ያንተን ሳቅ መጨረሻ የሰማሁት ያኔ ይመስለኛል።

ማንጠልጠያው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ማበጠሪያ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ ባትሪ ድንጋይ፣ መቀስ፣ እነዚህ ጥቃቅን ዕቃዎች በሱቅ ሁሉ በሳጥን ውስጥ ተዘበራርቀው ይቀመጡ ነበር። ባለ ቀዳዳ ሰሌዳ ግድግዳ ላይ መትተን፣ አንድ ስንዝር የሚሆን ቀጥ ያለ የብረት ሽቦ በየቀዳዳው ሰካንበት። የዕቃው ማሸጊያ አናቱ ላይ ይበሳና ሽቦው ላይ ይሰካል። ቶሎ ቶሎ እንዲገባ ብዬ ጫፉን በሞረድ አሾልኩት። አንተ አንዱን አንስተህ በአውራ ጣትህ ነክተህ "አልሾለም?" አልከኝ። "ለፍጥነት ነው" አልኩህ።

ሱቆች ሁሉ የሚያከብሩት ያ ባለ ኮፍያ አከፋፋይ መጥቶ በሱቆቹ በሙሉ ልስቀለው ያለን ጊዜ፣ ፈጠራው በሕግ ይመዝገብ፣ ባለቤቱም አንድ ሰው ቢሆን ይቀላል አለኝ። አንተ ለብየዳ ውጭ ነበርክ። ብቻዬን ፈረምኩ። ማታ ስትመለስ አልነገርኩህም። በማግስቱም አልነገርኩህም። ሰባት ወር አብረን በልተን አብረን ጠጥተን አልነገርኩህም።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። በትልቁ ሱቅ፣ በሩ ለገዢ ሳይከፈት ጠዋት፣ የግድግዳውን ሰሌዳ ሙሉ ማንጠልጠያ እየሰካንበት ነበር። የባለ ኮፍያው ጸሐፊ የምስክር ወረቀቱን በመስታወት ፍሬም አስገብታ አምጥታ፣ ገንዘብ መቀበያው በላይ ይሰቀል አለች። መሰላሉ ላይ ስለነበርክ ላንተ ሰጠችህ። አነበብከው። ወረድክ። "የእኔ ስም የታለ?" አልከኝ። ድምፅህን ከፍ አላደረግክም። ያኔ እንኳ ይቅርታ ብልህ ታልፈኝ ነበር፤ አውቅሃለሁ። እኔ ግን "ንድፉ የእኔ ነው፤ አንተ በያጅ ነህ" አልኩህ።

በጥፊ መታኸኝ። ከከንፈሬ ደም መጣ። ያቺን እጅህን ፊቴ ላይ ዘርግተህ "እነዚህን ጣቶች በያጅ ለመሆን ነው የከፈልኳቸው?" አልከኝ። ገፋሁህ፤ ገፋኸኝ። የጥርስ ብሩሾቹ መሬት ላይ ተበተኑ። አንገቴን ይዘህ ከሰሌዳው ጋር አጣበቅከኝና ፊቴን ትንሽ አየኸው። ከዚያ ለቀቅከኝ። "ቁርጥ አባትህን" አልክ፤ ቀስ ብለህ፣ እንደሚያዝን ሰው።

ወንድምዓለም፣ ሠላሳ ዓመት ለራሴ ሽቦውን ወረወርኩት እያልኩ ኖሬያለሁ። አልወረወርኩትም። ጨብጬው ነበር። አንተ እጅህን አውርደህ ዞር ልትል ስትል፣ ዓይን ዓይንህን እያየሁ ነው የወጋሁህ። ሲገባ እጄ ላይ ተሰምቶኛል። ማንም ሐኪም፣ ማንም ፖሊስ ያላወቀው ይኸው ነው።

አልጮህክም። የመሰላሉ የመጀመሪያ ደረጃ ላይ ተቀመጥክ፣ በተጣመሙት ጣቶችህ መሐል ደሙና ውሃው እየወረደ፣ ከሥርህ ያለው ብሩሽ ሁሉ በቀይ እየራሰ። እኔ ሽቦውን እንደያዝኩ ቆሜ ነበር። የሱቁ ሰዎች እየሮጡ ሲመጡ ሽቦውን ከእጄ ቀምተህ ወለሉ ላይ ጣልከው። "መሰላሉ አንሸራቶኝ ግድግዳው ላይ ወደቅኩ" አልካቸው። ፖሊሱ መሰላሉን ለካ፣ ግድግዳውን ለካ፣ የሥራ ላይ አደጋ ብሎ ጻፈ። እንደዚያ ነው ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ አንገቴን ነቀነቅኩ። ዓይን ያወጣ ውሸት ሲባል የሰማሁት ያኔ ገባኝ።

በአራተኛው ቀን ሐኪም ቤት ስመጣ ግማሽ ፊትህ በፋሻ ተጠቅልሎ ነበር። ሽቦ ይዘሃል ወይ አልከኝ። ኪሴ መቼ ሽቦ አጥቶ ያውቃል! ሰጠሁህ። ጭንህ ላይ አድርገህ፣ እያቃሰትክ፣ ጫፉን ወደ ላይ መልሰህ ቆለመምከው፤ እንደ ጣት ቀለበት ክብ አደረግከው። "እንዲህ አድርገው። ዕቃው ያልፋል፤ የሰው ዓይን አያልፍም" አልክና ወደ ግድግዳው ዞርክ። እሱን ይዤ ወጣሁ። ሠራሁት። ዓይኔን በጨው አጥቤ እሱንም በስሜ ብቻ አስመዘገብኩት። አሁን በየትም ሱቅ ብትገባ ግድግዳው ላይ ያለው እሱ ነው። እኔንም ሰው በስሜ አይጠራኝም፤ "ቆልማማው" ነው የሚሉኝ። ባንተ ሥራ ነው የሚጠሩኝ።

አንተ ከሐኪም ቤት ወጥተህ መሣሪያህን በከረጢት ይዘህ ሄድክ። ብስክሌት መጠገን የጀመርክበትን ከተማ ያወቅኩት ከዓመት በኋላ ነው፤ ያውም ከእናታችን።

ከዚያ በኋላማ ሥራው አደገ። አርባ ሠራተኛ፣ ሦስት መኪና፣ በግድግዳው ላይ የተሰቀለ ሽልማት። አንድ በያጅ ላሜራ አጣሞ ሲቆርጥ በጥፊ መታሁት፤ ጥፊ ብቻ ነው አልኩ። ሌላውን በቱቦላሬ ብረት ጀርባውን መታሁት፤ ቱቦላሬው ቀጭን ነው አልኩ። ሰዎቹ ይሄዳሉ፣ ሌላ ይመጣል። ባለቤቴ "ያን እጅህን ኪስህ ውስጥ አኑርልኝ" ትለኝ ነበር፣ ቀልድ አስመስላ። እኔም እየሳቅኩ አኖረው ነበር። ሁልጊዜ ግን አላኖርኩትም።

ልጄን ታውቃታለህ። ለትምህርት አንተ ያለህበት ከተማ ሲደርሳት ደስም አለኝ፣ ፈራሁም። አራት ዓመት ልጅህ አድርገህ ያዝካት። ለዕረፍት ስትመጣ ወሬዋ ሁሉ ስለ አንተ ነበር፤ አጎቴ ሲጠግን ያፏጫል፣ አጎቴ የሰፈሩን ልጆች የብስክሌት ጎማ በነፃ ይነፋል። ተመርቃ ከእኔ ጋር መሥራት ጀመረች። እጇ ከእኔ እጅ ይበልጣል፤ ይህን ለእሷ ነግሬያት አላውቅም። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ከላይኛው ረድፍ ዕቃ ማንሳት አይችልም ብላ፣ በስሱ ሲስቡት ራሱ ወርዶ ጉልበት ዘንድ የሚቆም መደርደሪያ ነደፈች። እኔ በዕድሜዬ ያላሰብኩትን።

የዛሬ አምስት ሳምንት የነጋዴዎች ማኅበር ለዓመታዊ በዓሉ በሚያሳትመው መጽሐፍ ላይ ስለ እኔ የምትጽፍ ጋዜጠኛ ቤቴ መጣች። ከየት እንደተነሳሁ፣ ሥራውን እንዴት እንደያዝኩ፣ ፈጠራዎቹ እንዴት እንደመጡልኝ ጠየቀችኝ። አባቴ እጄን ይዞ ያስተማረኝ ደግ ባለሙያ ነበር አልኳት። ቆልማማውስ አለችኝ። አንድ ሱቅ ውስጥ ሕፃን ልጅ ሽቦው ዓይኑን ሊወጋው ለጥቂት ሲተርፍ አይቼ ነው አልኳት። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ዓይኗን ጠረገች።

ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ ንድፏን ታርም ነበር። ቀና ብላ በትህትና "አባዬ፣ የአጎቴን ዓይን ለምን አትነግራትም?" አለችኝ። ሳቅኩ። "ወንድሜማ መሰላል አንሸራቶት ግድግዳው ላይ ወድቆ ነው" አልኩ። "አጎቴም እንደዚያ ነው የሚለኝ" አለች። "ሁለታችሁም በአንድ ቃል፣ አንዲት ፊደል ሳትዛነፍ። እውነት የሚናገር ሰው እኮ አንዳንዴ ይሳሳታል።" ጋዜጠኛዋ አንዴ እሷን አንዴ እኔን አየችና መቅጃዋን ዘግታ ተነሳች። እስከ በሩ ሸኘኋት። በሩን ዘጋሁ። ቁልፉን አዞርኩ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ወረቀቱን ቀደድኩት። ባለቤቴ በዚያው ሳምንት ልብሷን ይዛ እህቷ ዘንድ ሄደች። ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ነኝ፤ ወንበሩን እንኳ ከወደቀበት ያነሳሁት ትናንት ነው።

የዛሬ ሁለት ሳምንት ጋዜጠኛዋ ቢሮ ሄጄ አሁን ለአንተ የጻፍኩትን ሁሉ፣ ከሞርሳው እስከ ሐኪም ቤቱ ሽቦ፣ አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። መሐል ላይ "መቅጃውን ልዝጋልዎት?" አለችኝ። አትዝጊው አልኳት። ያልነገርኳት አንድ ነገር ብቻ አለ፤ እሱን መናገር ያለበት እኔ አይደለሁም። ከዚያ የፈጠራ ምዝገባው መሥሪያ ቤት ሄድኩና የቆልማማው ባለቤት ወንድሜ ነው፣ ስሙ ይግባልኝ አልኩ። አንድ ጎልማሳ ሠራተኛ መዝገቡን አገላብጦ "አባቴ፣ መብቱ ዕድሜው ካለፈ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። አሁን የማንም አይደለም፤ የፈለገ ሰው ይሠራዋል" አለኝ። ግድ የለም፣ ስሙን ብቻ ጻፍልኝ አልኩት። "የት ላይ?" አለኝ። ሰው ልመልስ ብሎ ሲነሳ የሚመልሰው ነገር ያልቃል ለካ። መጽሐፉ ግን ስምህን ይዞ ይወጣል፤ ገጹን አሳይታኛለች።

ሥራ ቤቱን ለዋናው በያጅ አስረክቤያለሁ። ከሰኞ ጀምሮ አልገባም። እጁን የማያምን ሰው ሠራተኛ ላይ መሾም የለበትም።

ናልኝ አልልህም። ይቅር በለኝም አልልህም፤ አንተ ቶሎ ይቅር ትላለህ፣ ቶሎ ሲሆን ደግሞ እኔን አይጠቅመኝም። አንተ ዘንድ ያለችውን ልጄንም ተመለሽ በላት ብዬ አልክብህም። መንገዱን ታውቀዋለች፤ ብትመጣም ባትመጣም ልክ ናት። የመደርደሪያዋን ንድፍ ሳላጥፈው በካርቶን ቱቦ ውስጥ አድርጌ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬዋለሁ። አንድ መስመር አልነካሁበትም። ታች ጥጉ ላይ የስሙ ቦታ ባዶ ነው፤ ራሷ ትጻፍበት።

አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ፣ በአንድ መስመር ቢሆን ይበቃኛል። የእጇ አጥንት ገጥሟል ወይ? ሐኪሙ ጣቶቿን ማዘዝ ትችላለች ብሏል ወይ? ቀኙ ስለሆነ ነው፤ የምትስልበት።

ፈጣሪ ዓይንህን ይጠብቅልህ። ደጅህን ሰላም ያድርገው፣ በደጅህ የተጠጋውንም ሁሉ። ዕድሜህን ያርዝመው፤ ከእኔም ላይ ቀንሶ ቢሆን።

ታናሽ ወንድምህ